ቶሮንቶ ውስጥ ሰሜን የጠፋብኝ እሁድ

ተሳስቼ ያተረፍኩት በሕይወቴ አንድ ጊዜ ብቻ ነው። እሱም ባለፈው መስከረም መጨረሻ ነው። ቶሮንቶ፣ ኢስት ዮርክ ውስጥ፣ ድሮ ምንጣፍ ይሸጥበት በነበረ ባዶ ሱቅ ወለል ላይ ተንበርክኬ ነበር። ነገሩ ቅዳሜ ከሰዓት ተጀምሮ እሁድ አመሻሽ ላይ አለቀ፤ ሁለት ቀን እንኳ አልሞላም። ነገር ግን የቅዳሜዋ ነፊሳና ይህን የምትጽፍላችሁ ነፊሳ ዛሬ መንገድ ላይ ቢገናኙ የሚተዋወቁ አይመስለኝም።

በመጀመሪያ ያኔ ማን እንደነበርኩ ልንገራችሁ። አዲስ አበባ ውስጥ ዘጠኝ ዓመት በአርክቴክትነት ሠርቻለሁ። ከባለቤቴ ጋር ወደ ካናዳ መጥተን ቶርንክሊፍ ፓርክ ካሉት ረጃጅም ሕንፃዎች በአንዱ አሥራ አንደኛ ፎቅ ላይ ከገባን ሦስት ዓመት ሆኖን ነበር። እኔ የወለል ንጣፍ መሸጫ ሱቅ ተቀጥሬ፣ ለደንበኞች ኩሽና ስንት ካርቶን ሴራሚክ እንደሚበቃ አሰላ ነበር። ለእናቴ በስልክ "በሙያዬ ነው የምሠራው" እላታለሁ። ውሸት አይባልም፤ እውነትም አይባልም።

በዚያው ሳምንት ሐጂ ሰይድ ደወሉልኝ። ሐጂ የእኛ የኢትዮጵያውያን ሙስሊሞች ማኅበር ሰብሳቢ ናቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ ታክሲ ሲነዱ ኖረው ጡረታ የወጡ፣ ጥቂት ተናግረው ብዙ የሚሰሙ ሰው ናቸው። ከወሎ፣ ከሐረር፣ ከጅማና ከአዲስ አበባ የመጣን ሰዎች ለዓመታት የተከራየነው ምድር ቤት ውስጥ ስንሰግድ ቆይተን፣ በመጨረሻ የራሳችን የምንለው ሱቅ ተገኝቶልን ነበር።

"ልጄ፣ አርክቴክት ነሽ አሉኝ" አሉ ሐጂ።

"ነበርኩ ሐጂ።"

"ይሄ የሚረሳ ነገር ነው እንዴ? የቤቱ ባለቤት ሰኞ ጠዋት ሊፈርም ነው። ውስጡ እንዴት እንደሚከፈል በወረቀት ካላሳያችሁኝ አልፈርምም ብሏል። እስቲ አንድ ነገር አድርጊልን።"

ሱቁን ሄጄ አየሁት። ስፋቱ ጠባብ፣ ርዝመቱ ባቡር የሚያህል፣ መካከሉ ላይ ደግሞ የብረት ዓምድ የተተከለበት ነው። ከሁሉ የከፋው ቂብላው ነበር። ቂብላ፣ ለማታውቁት፣ በሶላት ጊዜ ወደ መካ የምንዞርበት አቅጣጫ ነው። ሰጋጆች ወደዚያ ዞረው ትከሻ ለትከሻ ገጥመው ይሰለፋሉ፤ ያን ሰልፍ ሶፍ እንለዋለን። ከቶሮንቶ ቂብላው ከሰሜን ወደ ምሥራቅ ሃምሳ አምስት ዲግሪ ግድም ይሆናል። በስልክ እንየው ብለው ከማኅበሩ ኮሚቴ አራት ሰዎች ስልካቸውን አወጡ። በብረቱ ምክንያት ይሁን በሌላ፣ አራቱ ስልኮች አራት የተለያዩ ቦታዎችን ጠቆሙ። አንደኛው ማጠቢያ ቤቱን ነበር የሚያሳየው።

እኔ ባለሙያዋ ሳቅሁባቸው። "ተዉት፣ በስሌት አወጣዋለሁ" አልኩ። ባለቤቱ የሰጠን የሱቁ ፕላን ላይ ሰሜንን የሚያሳይ ቀስት ነበረ። ከእሱ ተነስቼ ሃምሳ አምስቱን ዲግሪ ለካሁና ሶፎቹን ደረደርኩ። ሶፎቹ ቤቱን ሰያፍ ቆረጡት። በየጥጉ ለምንም የማይሆን ሦስት ማዕዘን እየተረፈ ቦታው አለቀ። ወንዶቹ በመከራ ገቡ፤ ሴቶቹ ግን ውጭ ቀሩ።

ቅዳሜ ከሰዓት ይህንኑ ለኮሚቴው አሳየሁ። ያሲን የሚባል የኮምፒውተር ባለሙያ አለ፤ የኮሚቴው ጸሐፊ ነው፣ ጥሩ ልጅ ነው፣ ግን ጥድፊያ ይወዳል።

"ሲስ፣ ፎር ናው የሴቶቹን ሳይድ ስኪፕ እናድርገው" አለ። "ቢገር ዩኒት ስናገኝ አድ እናደርጋለን። ኔክስት ዪር ኢንሻአላህ።"

ሐጂ ሰይድ ወረቀቱን ገለባብጠው አዩት። "ሴቶቹ ቤታቸው ቢሰግዱም ሶላታቸው ሶላት ነው" አሉ፣ ነገር ግን ፊታቸው አልፈካም። "ነገ ከሰዓት፣ ከአስር ሶላት በፊት እዚሁ እንገናኝና እንቁረጠው። ነፊሳ፣ እስከዚያ ሌላ መላ ካለሽ አምጪ።"

መላ አልነበረኝም። ማታውን ሁለት ፎቅ ወርጄ እማማ ዘሀራ ቤት ሄድኩ፤ ከሌላ ሰው ከሚሰሙት ከእኔ ይስሙት ብዬ ነው። እማማ ዘሀራ ሰባ ስድስት ዓመታቸው ነው። ልጃቸው ስፖንሰር አድርጋ ካመጣቻቸው በኋላ ሥራ አግኝታ ሌላ ከተማ ሄዳለች። ብቻቸውን ነው የሚኖሩት። ዓርብ ዓርብ ያ ምድር ቤት ባይኖር ሳምንቱን ሙሉ በቋንቋቸው የሚያናግራቸው ሰው የለም። እኔም ካልሆንኩ ማለቴ ነው፤ እኔ ደግሞ ሥራ እውላለሁ።

"የሴቶቹን ቦታ ለሚቀጥለው ዓመት ነው ያሉት" አልኳቸው።

"ለሚቀጥለው ዓመት እኔን ማን ዋስ ሆነኝ?" አሉ በረጋ ድምፅ። አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። ቆየት ብለው፣ "ነገ ውሰጅኝና ልየው። ባልሰግድበትም ልየው" አሉ።

እሁድ በአውቶቡስ ሄድን። ሰማዩ ጥርት ያለ ነበር። ሱቁን ዞር ዞር ብለው አዩ፣ ዓምዱን በምርኩዛቸው መታ መታ አደረጉት። ከዚያ የእኩለ ቀኑ የዙህር ሶላት ሊደርስ ስለሆነ ከኋላ ወዳለው የመኪና ማቆሚያ ወጣን። እኔ ሰዓቱን ከስልኬ ላይ ለማየት ስጎረጉር፣ እሳቸው የመብራቱን ምሰሶ ጥላ ያያሉ። አባታቸው ወሎ ውስጥ ሰውን ለሶላት የሚጠሩ አዛን ባይ ነበሩ። ችካል ተክለው፣ ጥላው አጥሮ አጥሮ መልሶ መርዘም ሲጀምር ነበር ዙህር ገባ የሚሉት።

"ገና ነው፣ ጥቂት ቀርቶታል" አሉ። ከዚያ ፊታቸውን አጨፈገጉ። "ነፊሳ፣ ሰሜን በየት ነው ያልሽው?"

"በዚህ" አልኩ፣ የሱቁን የጀርባ ግድግዳ ተከትዬ እየጠቆምኩ። "ከመንገዱ ጋር እኩል ነው።"

"ታዲያ ጥላው ምን ቆርጦት ወዲያ ተኛ?"

አየሁ። የምሰሶው ጥላ ግድግዳውን አልተከተለም። ወደ ቀኝ ገንጠል ብሎ ነበር የተኛው፤ በትንሹም አይደለም።

"ሰዓቱ ገና ስላልደረሰ ይሆናል" አልኩ።

"ሲደርስማ ጭራሽ ወደ ቀኝ ይሄዳል እንጂ ወደ ግድግዳሽ አይመለስም" አሉ። "በእኛ አገር ክረምት ክረምት ጥላው ወደ ደቡብ ይዞራል። እዚህ ግን ዓመቱን ሙሉ እኩለ ቀን ላይ ሰሜን ነው። አሥራ ሁለት ዓመት በረንዳዬ ላይ ቆሜ አይቼዋለሁ። ሌላ ምን ሥራ አለኝ ብለሽ ነው?"

ጥላው እስኪያጥር ጠበቅን። ሰባት ሰዓት ካለፈ በኋላ ነበር። እማማ "አሁን" ሲሉኝ በጥላው ላይ ክር ወጥሬ፣ ሌላውን ክር በግድግዳው ላይ ወጥሬ፣ በመካከላቸው ያለውን ማዕዘን ለካሁት። አሥራ ስድስት ዲግሪ ተኩል።

ነገሩ የገባኝ እዚያው ነው። የዚህ ከተማ መንገዶች ወደ ሰሜን የሚሄዱ ይመስላሉ እንጂ አይሄዱም፤ ወደ ግራ ያዘነበሉ ናቸው። ሰው ሁሉ "ወደ ሰሜን ሂድ" ሲል የከተማዋን ዋና መንገድ ያንግ ስትሪትን ተከትለህ ሂድ ማለቱ ነው። ፕላኑን የሣለውም ሰው ቀስቱን ለሥራው እንዲመቸው ከመንገዱ ጋር አስተካክሎ አቁሞታል። በሙያችን የተለመደ ነው። አዲስ አበባ እያለሁ ራሴም አድርጌዋለሁ። ለመስኮትና ለበር አይጎዳም፤ ለቂብላ ግን እንዴት አይጎዳም? በስልኮቹ የሳቅሁት እኔ፣ ያን ሁሉ ሕዝብ ለዓመታት ዝንፍ ባለ አቅጣጫ ላሰግደው ነበር። እወቁኝ ያለ ደብቁኝ ይላል ማለት እኔ ነኝ።

አልዋሻችሁም፤ መጀመሪያ የመጣልኝ ሐሳብ ቀስቱን ዝም ብሎ አስተካክሎ አዲስ ወረቀት ማምጣት ነበር። ማንም አያውቅም።

እማማ ዘሀራ ሰግደው ሲጨርሱ ቀና ብለው አዩኝ። "ትነግሪያቸዋለሽ አይደል?" አሉ።

"እነግራቸዋለሁ" አልኩ። ካልኩ በኋላ ደግሞ የሆነ ነገር ቀለለኝ። ተሳስቻለሁ፤ እንግዲህ ከዚህ በላይ ምን እፈራለሁ?

ኮሚቴው እስኪመጣ ሦስት ሰዓት ነበረኝ። ያን ጊዜ ትዝ ያለኝ ተማሪ ሳለሁ የወደድኩት አንድ የሮም ሰው ነው። ከአራት መቶ ዓመታት ገደማ በፊት፣ ባሮክ በሚባለው ዘመን የኖረ አርክቴክት ነው። ስሙ ለምላሴ ስለማይመች የሮማው ግንበኛ እያልኩ ልጥራው። የድንጋይ ጠራቢ ልጅ ነው፤ ራሱም በመዶሻና በመሮ ነው ያደገው። ሌሎቹ ሰፊ አደባባይና እብነ በረድ ሲሰጣቸው፣ ለእሱ የመጀመሪያ ትልቅ ሥራው ሆኖ የደረሰው የመንገድ ጥግ ላይ ያለች ጠባብ የቤተ ክርስቲያን ቦታ ነበረች። ሌላ ሰው ቢሆን በጥበቱ ያማርር ነበር። እሱ ግን በግድግዳው አልጀመረም። ወረቀቱ ላይ ሦስት ማዕዘኖችና ክቦች ሣለ፣ ሰው የሚቆምበትንና ብርሃን የሚወርድበትን ከእነሱ አወጣ። ግድግዳው ኋላ መጣና ያንን ተከትሎ ገባ ወጣ አለ፣ ሞገድ ሠራ። በየእጥፋቱ የተረፈችውን ቦታ እንኳ ሥራ ሰጣት። የሠራውም በጡብና በኖራ ነው። አስተማሪያችን ያንን ፕላን ሲያሳየን ክፍሉ ሳቀ፤ ቤቱ የቀለጠ ነው የሚመስለው። እኔ አልሳቅሁም ነበር። ነገር ግን በዘጠኝ ዓመት ሥራዬ አንድም ቀን እንደ እሱ አልጀመርኩም። ሁልጊዜ ግድግዳውን አስቀድሜ ሰውን ውስጡ እጠቀጥቅ ነበር።

ከጎረቤት ሱቅ ልጆች አስፋልት ላይ የሚሥሉበትን ጠመኔ ገዛሁ። ወረቀቱን ጥጉ ላይ ጣልኩት።

"እማማ፣ የክሩን ጫፍ ይያዙልኝ።"

በመጀመሪያ እውነተኛውን ቂብላ ከውጭ በክር አምጥቼ ወለሉ ላይ አሠመርኩ። ያን ጊዜ ነው አላህ ሳይደግስ አይጣላም የሚባለው የገባኝ። ስሕተቱ ሲታረም መሥመሩ ከቤቱ ርዝመት ጋር ወደ መስማማት ቀረበ። አሁንም ሰያፍ ነው፣ ግን እንደ ትናንቱ አልነበረም። ሴቶቹን ያስወጣቸው ጥበቱ ብቻ አልነበረም፤ የእኔም ስሕተት ነበር። ይህንን ሳውቅ አፈርኩም፣ ደስም አለኝ።

ቀጥዬ እማማን "እስቲ ይቁሙ" አልኳቸው። ቆሙ፤ በእግራቸው ዙሪያ አሠመርኩ። "ሱጁድ ይውረዱ" አልኩ። ወረዱ፤ ግንባራቸው የነካበትን ምልክት አደረግሁ። መለኪያዬ እሳቸው ሆኑ።

"አሁን እኔ ሜትር ሆንኩ ማለት ነው?" አሉ ሲነሱ ጉልበታቸውን ይዘው።

"ከሜትር ይሻላሉ። ሜትር አይሰግድም።"

አንዱን ሶፍ አሠመርኩ፣ ቀጥሎ ሌላውን፣ ከፊት እስከ ኋላ። ግድግዳ የሚባል ነገር አላሰብኩም። ሶፎቹ ሁሉ ቦታቸውን ሲይዙ በወንዶቹና በሴቶቹ መካከል የሚቆመውን ግድግዳ ሣልኩ። ቀጥ ያለ አልሆነም። ሶፉ ሲያልቅ ይገባል፣ ሶፉ ሲረዝም ይወጣል፣ እየተጠማዘዘ ይሄዳል። ያን ክፉ የብረት ዓምድ አንዱ እጥፋት ውስጥ ደበቅሁት። የተረፉት ጥጎች አንዱ የጫማ መደርደሪያ፣ አንዱ ሴቶች ከሶላት በፊት የሚታጠቡበት ዉዱእ ማድረጊያ፣ አንዱ የቁርኣን መደርደሪያ ሆኑ። ከኋላ በኩል ሦስት የሴቶች ሶፍ ተገኘ። ቆጠርኩ፤ ሠላሳ ሁለት ሴት። ደግሜ ቆጠርኩ።

ኮሚቴው ሲመጣ ወለሉ ሁሉ በነጭ መሥመር ተሞልቶ፣ እኔ ደግሞ እስከ ክርኔ ጠመኔ ሆኜ አገኙኝ። ሐጂ ሰይድ በሩ ላይ ቆሙ። ዘጠኝ ሰዎች ነበሩ። ድምፄን ከፍ አድርጌ ጀመርኩ።

"ትናንት ያሳየኋችሁ ንድፍ ስሕተት ነው። ሰሜኑን ተሳስቻለሁ። ቂብላው አሥራ ስድስት ዲግሪ ተኩል ዝንፍ ብሏል።"

ያሲን ነው ቀድሞ የተናገረው። "ዌይት፣ ዌይት። ነገ ሊዙን ሳይን ልናደርግ ነው እኮ። አሁን ያልሽው ኮሬክት መሆኑንስ በምን እናውቃለን?"

"ስልክህን ይዘህ ከብረቱ ራቅ በል። ወደ መኪና ማቆሚያው መጨረሻ ሂድና ለካ። ወለሉ ላይ ያለው መሥመር እስከ ውጭ ተሥሏል።"

ሄደ። ስንጠብቀው የቆየነው ረጅም ጊዜ መሰለኝ። ሲመለስ ፊቱ ተለውጧል። "ቼክ አደረግሁት። ሴም ነው" አለ። "ኤግዛክትሊ እሷ ያለችው ነው።"

"ስሕተቱን ማን አገኘው?" አሉ ሐጂ።

"እማማ ዘሀራ። በምሰሶ ጥላ።"

ሐጂ ጥጉ ላይ ወንበር ይዘው ወደተቀመጡት እማማ ዞሩ። እኔ ጊዜ አልሰጠሁም። "እባካችሁ መሥመሩ ላይ ቁሙልኝ" አልኩ። ዘጠኙ ሰዎች ጫማቸውን አውልቀው ትከሻ ለትከሻ ገጥመው ቆሙ። ማንም አልተጣበበም። ሐጂ ከሶፉ ጫፍ ሆነው ግድግዳው የሚመጣበትን ጥምዝ መሥመር በእግራቸው ተከተሉት።

"ይሄ ግድግዳ ለምን ይጎብጣል?"

"ሰው እንዳይጎብጥ ነው ሐጂ። ትናንት ሰዎቹን ለግድግዳው ብለን አጎበጥናቸው። ሴቶቹንማ ጭራሽ አስወጣናቸው። ዛሬ ግድግዳው ይጉበጥ።"

"ጥምዝ ነገር ውድ አይሆንም?" አለ ያሲን፣ አሁን በትህትና።

"ስስ የጂፕሰም ሰሌዳ ውሃ ሲነካ ይታጠፋል። ይህንን የሠራው ሰው እንኳ ከጡብና ከኖራ ሌላ ብዙም አልነበረውም" አልኩት። ከዚያም ስለ ሮማው ግንበኛ ነገርኳቸው። ዘጠኝ ሙስሊም ወንዶች አንድ የድሮ ቤተ ክርስቲያን እንዴት እንደተሠራ በካልሲ ቆመው አዳመጡኝ። ሐጂ ጥያቄ ሁሉ ጠየቁ።

በመጨረሻ ወደ ኋላ ሄዱና እማማ ፊት ቆሙ። "ዘሀራ፣ አንቺ ምን ትያለሽ? ይበቃችኋል?"

እማማ ተነስተው የሴቶቹ የመጀመሪያ ሶፍ ላይ ሄደው ቆሙ። "እዚህ ጋ እኔ ነኝ" አሉ። "ሌላውን አላህ ይሞላዋል።"

የአስር ሶላት ሰዓት ደርሶ ስለነበር እዚያው ጠመኔው ላይ ሰገድን። ወንዶቹ ከፊት፣ እኔና እማማ ዘሀራ ከኋላ። ሶላቱን በሰላምታ ጨርሰን ስንዞር የሁላችንም ግንባር ነጭ ሆኗል። ያሲን ሐጂን አይቶ ሳቁን ዋጠ፤ የራሱን አላየም። ሰኞ ጠዋት ባለቤቱ ንድፉን አገላብጦ አይቶ፣ "እንዲህ ያለ ነገር አይቼ አላውቅም" ብሎ ፈረመ።

እናንተ የምታነቡኝ፣ ምናልባት ከእናንተም አንዳችሁ የሙያ ማስረጃውን ሻንጣ ውስጥ ቆልፎ ሌላ ሥራ እየሠራ ይሆናል። ምክር መስጠት አልወድም፣ የሆነውን ልንገራችሁ እንጂ። እኔ ሙያዬ የጠፋብኝ የካናዳ ወረቀት ስለሌለኝ ይመስለኝ ነበር። ወረቀቱ ያስፈልጋል፣ አልክድም፤ አሁን ፈተናዎቹን ጀምሬያለሁ። ዌስተን አካባቢ ባለ አንድ ትንሽ ቢሮም ንድፍ እሠራለሁ። ነገር ግን ሙያዬ የተመለሰልኝ ቢሮው የቀጠረኝ ቀን አይደለም። በዘጠኝ ሰው ፊት "ተሳስቻለሁ" ብዬ፣ ወዲያው ደግሞ "መሥመሩ ላይ ቁሙ" ያልኩ ቀን ነው። ሁለቱን ባንድ ትንፋሽ ማለት የሚችል ሰው ባለሙያ ነው። ከዚያ ወዲህ የትኛውም ቦታ ስገባ ፕላን ከመክፈቴ በፊት እዚያ የሚውለውን ሰው አስቆመዋለሁ፣ አስቀምጠዋለሁ፣ እጁን አስዘረጋዋለሁ። ደንበኞቼ ትንሽ የነካካት ሴት ናት ይሉኝ ይሆናል። ይበሉ።

ግድግዳው አልቆ የመጀመሪያው ጁሙዓ፣ የዓርብ ሶላት፣ የተሰገደው በኅዳር ነው። እማማ ዘሀራ ከሁሉ ቀድመው መጥተው ቦታቸውን ያዙ። ከዚያ ሴቶቹ መጡ። ከቶርንክሊፍ፣ ከዌስተን፣ ከስካርቦሮ፣ እኔ አይቻቸው የማላውቃቸው፣ ልጅ ያዘሉ፣ የሆስፒታል ዩኒፎርም የለበሱ። ሦስቱ ሶፎች ሞሉ። ዉዱእ ማድረጊያው ጋ ቆሙ፣ ጫማ መደርደሪያው ጋ ቆሙ፣ በሩ ድረስ ደረሱ። ሶላቱ እንዳለቀ ሐጂ ሰይድ በግድግዳው እጥፋት በኩል ብቅ ብለው ሕዝቡን አዩና ወደ እኔ መጡ።

"ነፊሳ፣ ስንት ሴት ነበር ያልሽኝ?"

"ሠላሳ ሁለት።"

"ሃምሳ አልፈዋል" አሉ። "ደግመሽ ተሳስተሻል ልጄ። ሌላ ሰፋ ያለ ቤት መፈለግ ጀምረናል። እሱን ስትሠሪ ከሴቶቹ ጀምሪ፤ የወንዶቹ ግድግዳ በኋላ ይምጣ።"